ስለ መሥሪያ ቤት የመድኃኒት ሣጥን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ሕመሙን አፍሮ ወይም ፈርቶ ለሚሸሽግ ሰው የተነገረ ነው። ነገር ግን በሽታን የሚደብቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ራሱ በሽታን የሚደብቅበት ጊዜ አለ። ራሱን የሚያመው ሰው አንድ ኪኒን ውጦ ሕመሙ ሲያንስለት የዳነ ይመስለዋል፤ ሕመሙን ያመጣው ነገር ግን በውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ ወይም በጸሓፊው መሳቢያ ተቀምጦ ስለሚገኘው የመድኃኒት ሣጥን፤ ይልቁንም ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚገዙት መድኃኒቶች፤ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

ነገሩ የመሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ በቤተ ሰብ ገጽ ለምን ተጻፈ የሚል ሰው ቢኖር፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሣጥኑ የወጣው ኪኒን ብዙ ጊዜ በሹሙ ኪስ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል፤ በማታም ለልጅ ይሰጣል። በመሥሪያ ቤት የተለመደ ቸልተኝነት በቤት የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ ነውና፤ የቤት እመቤትም የቤት ጌታም ነገሩን አብረው ሊያውቁት ይገባል።

ምሳሌያችንን ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ አገር እንወስዳለን። የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፤ አየሯ ነፋሻ የሆነ የደጋ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በሰቆጣ የሚሠሩት ሹማምንት፤ መሐንዲሶች፤ የእርሻ አስተማሪዎችና ነጂዎች ሁልጊዜ በደጋ አይቀመጡም። ሥራቸው ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ቆላ፤ ወደ ተከዜም ወንዝ ዳር ያወርዳቸዋል። በዚያም አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ሌሊት አድረው ወደ ደጋው ይመለሳሉ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከእነርሱ አንዱ በጽሕፈት ጠረጴዛው ሳለ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ መገጣጠሚያውም ይቆረጣጥመዋል። «የሰቆጣ ነፋስ መታኝ» ብሎ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፤ ሁለት ፓራሲታሞል ውጦ ሻይ ይጠጣል፤ ትኩሳቱም ይወርድለታል። ማታ ሲመለስበት ሁለት ይደግማል። እንዲህ እያለ ሦስት ቀን ያልፋል።

የወባ በሽታ ጠባይ ግን እንደሚከተለው ነው። ትንኝዋ ከነደፈችበት ቀን ጀምሮ ትኩሳቱ እስኪገለጥ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያል። ስለዚህ በቆላ የተነደፈው ሰው የሚታመመው በደጋ ነው፤ ቆላ የወረደበትንም ቀን ረስቶታል። በአገራችን ከሚገኙት ከሁለቱ ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች አንደኛው፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፤ ካልታከመ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ወደ ብርቱ ሕመም ሊለወጥ ይችላል፤ አንጎልን ነክቶ የሚገድለውም እርሱ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ የወባውን ተሐዋሲ አይነካውም። እንግዲህ በመሳቢያ ኪኒን ያለፉት እነዚያ ሦስት ቀናት ምን ያህል ውድ እንደ ሆኑ አንባቢ ራሱ ይመርምር።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዛሬ ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት የምንሰጠው «ኪኒን» የሚለው ስም የመጣው ከኪና ዛፍ ቅርፊት ከሚወጣው ከጥንቱ የንዳድ መድኃኒት ስም ነው። ንዳድ ብለው አባቶቻችን የጠሩት ዛሬ ወባ የምንለው ነው። ስሙ ወባን ለመግደል የገባ ሆኖ ሳለ፤ እነሆ ዛሬ በዚያው ስም የምንጠራው ነገር ወባን ለመሸሸግ ሲያገለግል ይታያል።

የደጋ ሰው ወባ አይነካኝም ብሎ መታመኑም አዲስ ነገር አይደለም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንደ ታመመ፤ አንድ መቶ ሃምሳ ሺህም የሚሆን እንደ ሞተ ተገምቷል። በሽታው በዚያን ጊዜ ደርሶ የነበረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እስከሚገኙ ስፍራዎች ነበር። ስለዚህ ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ፤ ትኩሳቱ በኪኒን ቢወርድለትም ባይወርድለትም፤ በዚያው ቀን ደሙን ሊያስመረምር ይገባዋል። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በገጠሩም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የተቋቋሙት ጤና ኬላዎች ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ወባን ለመለየት እንዲችሉ ሆነው የተደራጁ ናቸው። መድኃኒቱም እንደ ወባው ዓይነት ስለሚለያይ፤ ሳይመረመሩ የሌላውን ሰው ትርፍ መድኃኒት መዋጥ ከንቱ ነው። ትኩሳትም የሚመጣው ከወባ ብቻ አይደለም፤ ተስቦም የሳንባ ምችም በኪኒን ለጥቂት ሰዓት የሚሸሸጉ በሽታዎች ናቸው።

አባቶቻችን ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት መውሰድን ያውቁ ነበር፤ ግን አክብረው ይወስዱት ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ቀን ይለያል፤ መጠኑን ከሚያውቅ ሰው ያስለካል፤ ዕለቱንም ከቤቱ ይውላል፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ተብሎ ይመለስ ነበር። መጠኑ ቢበዛ ሰውን እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቅ ነበርና። ዛሬ መድኃኒቱ ትንሽና ነጭ ስለ ሆነ፤ መራራነቱም ስለማይታወቅ፤ ከሻይ ጋር እንደ ስኳር ይወሰዳል። የሚገባው ግን ያው የጥንቱ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። በመጀመሪያ ሣጥኑን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። አንደኛው የቁስል ሣጥን ነው። በእርሱ ውስጥ ፋሻ፤ የታሸገ ጋዝ፤ ፕላስተር፤ መቀስ፤ የእጅ ጓንት፤ ሳሙናና የቁስል ማጠቢያ ይቀመጣል። ይህ ሣጥን ከቶ አይቆለፍም፤ ደም የሚፈሰው ሰው ቁልፍ ያዥ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልምና። ሁለተኛው የሚዋጡ መድኃኒቶች ሣጥን ነው፤ እርሱ ግን ይቆለፋል፤ ቁልፉም በአንድ በሠለጠነና በታመነ ሰው እጅ ይሆናል።

በሌሎች አገሮችም ስለዚህ ነገር ተመክሮበታል። በእንግሊዝ አገር የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ውስጥ የሚዋጥ መድኃኒት ባይቀመጥ ይሻላል ብሎ ይመክራል። በአሜሪካ ደግሞ የሣጥኑ ደረጃ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲኖር ቢፈቅድም፤ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው በየራሱ ታሽጎ፤ ስሙና አወሳሰዱ ተጽፎበት፤ እንቅልፍ የማያመጣም እንዲሆን ያዝዛል። ለንደን የሚሠራ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ መድኃኒት ቤት ያገኛል፤ በዋግ ቆላ መንገድ የሚሠራ ሰው ግን የግማሽ ቀን ጉዞ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ለእኛ አገር የአሜሪካው ሥርዓት ይስማማል፤ ይኸውም ጥቂት መድኃኒት፤ በጥብቅ አያያዝ ማለት ነው።

የሚቀመጡትም ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጡ።

ፊተኛው ፓራሲታሞል ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አንድ ወይም ሁለት ይወስዳል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይቆይ አይደግምም፤ በአንድ ቀንና ሌሊትም ከስምንት ኪኒን ማለፍ የለበትም። ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ ጉበትን ያጠፋል፤ ጉዳቱም በዕለቱ ስለማይታይ ሰው ይታለላል። ለጉንፋን የሚሸጡት ብዙዎቹ ኪኒኖች ፓራሲታሞል የተቀላቀለባቸው ናቸውና፤ ሁለቱን አብሮ የወሰደ ሰው ሳያውቅ እጥፍ ወስዷል ማለት ነው። አረቄና ጠጅ የሚያዘወትር ሰው፤ ጉበቱንም የሚያመው፤ ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

ሁለተኛው ኢቡፕሮፌን ነው። ይህ ለጥርስ፤ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይረዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን በቀን ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ አይወሰድም። ከባዱ ነገር ጨጓራን ማቍሰሉ ነው፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ መውሰድ አይገባም። በአገራችን፤ ይልቁንም ጾም በሚጠበቅበት በዋግ አገር፤ ይህን ማስታወስ እጅግ ያስፈልጋል። ሠራተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ጾሞ ሳለ ራሱን ሲያመው ኢቡፕሮፌን የወሰደ እንደ ሆነ፤ በባዶ ጨጓራ ላይ እሳት እንደ ጫረ ይቆጠራል። ደግሞም ብዙ ጊዜ የጾመኛ ራስ ምታት ከውኃ ማነስ ወይም ከቡና መቅረት የሚመጣ ስለ ሆነ፤ መድኃኒቱ ጾም ሲፈታ በሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይገኛል። ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ ፓራሲታሞል ይሻላል። የጨጓራ ቁስል ያለበት፤ ኵላሊቱን የሚያመው፤ የደም ግፊት ያለበት፤ ነፍሰ ጡርም ሴት ያለ ሐኪም ቃል ኢቡፕሮፌን መውሰድ አይገባቸውም።

ሦስተኛው ለተቅማጥ የሚሆን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ነው። ከኪኒኑ ሁሉ ይልቅ ነፍስ ያዳነ ይህ ርካሽ ዱቄት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። አንዱ እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ የቆየውም ይደፋል። የታሸገው ባይገኝ፤ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ነው። የሰቆጣ ስም ከሕፃናት ጤና ጋር በመላ አገሪቱ መታወቁን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ባለው የአውሮፓ ዘመን ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ይጠራል። ሕፃንን ከሚያቀጭጩት ነገሮች አንዱ የተደጋገመ ተቅማጥ ስለ ሆነ፤ አባት ከመሥሪያ ቤቱ ተምሮ ወደ ቤቱ ሊወስደው የሚገባው ዕውቀት ይህ ነው።

አራተኛው ለማሳከክና ለአፍንጫ ፈሳሽ የሚሆነው፤ ክሎርፌኒራሚን የሚባለውና የመሰለው ነው። ይህ እንቅልፍ ያመጣል። ከሰቆጣ ወደ ኮረም ወይም ወደ ላሊበላ በጠመዝማዛው ገደላማ መንገድ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ውጦ መሪ ቢይዝ፤ አደጋው ለእርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለነጂና በመሣሪያ ለሚሠራ ሰው በሥራ ቀን ከቶ አይሰጥ። ለሳል ግን ዋግ የታወቀበት ማር አለ፤ አንድ ማንኪያ ማር በሞቀ ውኃ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ እንቅልፍም አያመጣም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ ማር አይሰጥም፤ ለታናሹ አንጀት የሚከፋ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላልና።

አምስተኛው አስፕሪን ነው፤ የሚቀመጠውም ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አካለ መጠን የደረሰ ሰው ደረቱን ድንገት ጨምድዶ ይዞት፤ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ወጥቶ ላብ ላብ ያለው እንደ ሆነ፤ አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነ 300 ሚሊ ግራም አኝኮ እንዲውጥ ተደርጎ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ትኩሳት ባለበት ልጅ ላይ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ብርቱ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

ከሣጥኑ ፈጽመው ሊወጡ የሚገባቸውም አሉ። ካንድ ሰው ሕክምና የተረፈ አሞክሲሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን በመሳቢያ ማስቀመጥ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። እነዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚወሰዱ አይደሉም። አንድ ሁለት ፍሬ መዋጥ ተሐዋሲውን አይገድለውም፤ መድኃኒቱን እንዲለምድና እንዲቋቋም ያስተምረዋል እንጂ። አሞክሲሲሊንም የማይስማማው ሰው ቢወስደው ሰውነቱ ተቆጥቶ፤ ጉሮሮው አብጦ፤ በጥቂት ደቂቃ ሊሞት ይችላል።

ስለ ልጆች ደግሞ በተለይ እንናገር። አባት ከመሥሪያ ቤት ያመጣውን ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል «ግማሹን ስጡት» ይላል። ሚዛኑ 10 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ግን በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ግማሹ ኪኒን 250 ነውና ከልኩ እጅግ አልፏል፤ በቀን አራት ጊዜ ቢደጋገም ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ለልጅ የሚሆነው በሚዛኑ ተለክቶ ከመድኃኒት ቤት የሚሰጠው ፈሳሹ ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ሣጥን ወደ ቤት የሚሄድ መድኃኒት እንዳይኖር ሕግ ሆኖ ሊጻፍ ይገባል።

የመድኃኒቱን የአገልግሎት ዘመን ማየትም አይረሳ፤ እዚህ ላይ የአገራችንን ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በእሽጉ ላይ የታተመው ዓመት የሚቆጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። 05/2018 የሚል ያየ ሰው በእኛ 2018 ዓ.ም. የሚያበቃ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በእኛ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ያለፈበት መድኃኒት ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፍ ያዡ በየሦስት ወሩ ሣጥኑን ፈትሾ፤ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ በእኛ አቈጣጠር ትርጕሙን ይጻፍበት። በመስኮት ፀሐይና በመኪና ውስጥ ማስቀመጥም መድኃኒትን ያበላሻል፤ አብዛኛው ኪኒን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ደረቅ ስፍራ እንዲቀመጥ የታዘዘ ነው። በአበርገሌ ቆላ ላለ ጽሕፈት ቤት ይህ ብርቱ ነገር ነው። በእሽጉ ውስጥ ያለው ወረቀት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፤ አወሳሰዱ በአማርኛ፤ ለኽምጣና ተናጋሪዎችም በኽምጣና ተጽፎ በክዳኑ ላይ ይለጠፍ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገቡ ነው። ቀኑ፤ የወሳጁ ስም፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና ቍጥር፤ የሕመሙም ምክንያት በአንድ ደብተር ይጻፍ። መዝገቡን የሚያነበው ቁልፍ ያዡ ብቻ ይሁን፤ የሰው ሕመም የአደባባይ ወሬ አይደለምና። ይህ ለቍጥጥር ብቻ አይደለም። አንድ ጸሓፊ በሁለት ሳምንት ስድስት ጊዜ ለራስ ምታት እንደ ወሰደ መዝገቡ ቢያሳይ፤ ያ ሰው የሚያስፈልገው ሰባተኛ ኪኒን አይደለም፤ የደም ግፊቱንና ዓይኑን መመርመር ነው። አራት ሰዎች በአንድ ቀን ለተቅማጥ ቢመጡ፤ የሚመረመረው የመሥሪያ ቤቱ የመጠጥ ውኃ ነው። መድኃኒቱ የሸሸገውን መዝገቡ ይገልጠዋል።

በዚህ ነገር አለቆች የሚፈተኑበት አንድ ስፍራ አለ። አለቃው «ሁለት አምጣ፤ ስሜንም አትጻፍ» ያለ እንደ ሆነ፤ ቁልፍ ያዡ ምን ይመልሳል? አብዛኛው ሰው አፍሮና ፈርቶ ይሰጣል። እንግዲህ ሥርዓቱ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በዚያች ቃል ነው። አለቃው በፊት ስሙን አስጽፎ የወሰደ እንደ ሆነ ተላላኪውም ዘበኛውም ይከተለዋል፤ «ከቆላ ከተመለሱ ስንት ቀንዎ ነው? ደምዎን ተመርምረዋል?» ብሎ የሚጠይቀውን ቁልፍ ያዥ የሚያከብር አለቃ ራሱን ጠብቋል፤ ሎሌነቱንም ሳይሆን ዕውቀቱን አክብሯል።

ሕጉም የሚጠይቀው ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፤ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው በጊዜው የመጀመሪያ ርዳታ እንዲሰጠውና ወደሚቀርበው የሕክምና ስፍራ እንዲያደርሰው ግዴታ ያደርግበታል። ርዳታ ለመስጠት ግን ሣጥን ብቻ አይበቃም፤ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይህን ትምህርት ስለሚሰጥ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰው እንኳ ቢማር መልካም ነው። ሁለት ያልነው አንዱ ወደ ገጠር ቢወርድ ሁለተኛው እንዲቀር ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን በነካ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፤ ሕዝቡ የመድኃኒት ማጣትን መከራ አይቷል። እንዲህ ያለውን ዘመን ያየ ሰው ኪኒን አግኝቶ በመሳቢያው ቢያከማች አይፈረድበትም። ነገር ግን መድኃኒት የጎደለበት አገር መድኃኒትን አብልጦ በልክ ሊይዝ ይገባዋል፤ በከንቱ የተዋጠው ለሚያስፈልገው ሰው ይጎድላልና።

እንግዲህ የየመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይህን ካነበበ በኋላ ሣጥኑን ራሱ ከፍቶ ይይ። ዘመኑ ያለፈውን ወደ ጤና ጣቢያ መልሶ በሥርዓት እንዲወገድ ያድርግ፤ የተረፉትን ያለ ቦታቸው የተቀመጡ መድኃኒቶች ያውጣ፤ ደብተርና እርሳስ ያኑርበት፤ የቁልፍ ያዡንም ስም በግድግዳ ይለጥፍ። በቤትም እመቤቲቱ ከባልዋ ኪስ ያገኘችውን ስሙ ያልታወቀ ኪኒን ለልጅ ከመስጠትዋ በፊት ወደ መድኃኒት ቤት ወስዳ ትጠይቅ። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ከግማሽ ቀን አይበልጥም።